ጀሞ ላይ የሚሸጠው አውሮፓ

አውሮፓ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድን በገንዘብ የሚያገኝ ሰው አለ። ግሪክ ውስጥ ቢያንስ 250,000 ዩሮ አውጥቶ ንብረት የሚገዛ ባለሀብት ያገኛል። ስፔንም እንዲህ ያለ በር ነበራት፤ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ዘጋችው። ከእንዲህ ያለው ባለሀብት በስተቀር ሌላው ሰው ሁሉ ፈቃዱን የሚያገኘው በምክንያት ነው። ሥራ፣ ትምህርት፣ ቤተሰብ ወይም ጥገኝነት። በብር አይገዛም።

ጀሞ ላይ ግን ይሸጣል።

ከጀሞ 1 እስከ ጀሞ 3 በተዘረጉት ብሎኮች ምድር ቤት፣ ከፀጉር ቤቱና ከፋርማሲው ጎን፣ የአውሮፕላን ሥዕልና የአሥር አገር ባንዲራ የለጠፈ ቢሮ አይጠፋም። ፖላንድ በሦስት ወር ይላል። ጀርመን ያለ ቋንቋ ይላል። ፖርቹጋል ገብተው ወረቀት ያገኛሉ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል፣ ፓስፖርት ይቀበላል፣ «ፕሮሰስ ተጀምሯል» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስልክ አይነሳም፣ ቀን ይገፋል፣ ኤምባሲው አዘገየ ይባላል፣ በመጨረሻ «ሪጀክት መጣ፣ ገንዘቡ ለፕሮሰስ ወጥቷል» ተብሎ ይዘጋል።

ሰው ይህን ሲሰማ ደላላውን ረግሞ ያልፋል። እርግማኑ ይገባዋል፤ ግን በቂ አይደለም። ደላላው የሚኖረው አንድ ነገር ስለማይታወቅ ነው። ፈቃዱ በማን እጅ እንዳለ አይታወቅም። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ቤቱን አይሸጥም።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አጭሩ የሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን ለማይበልጥ ቆይታ ነው። ክፍያው ከሰኔ 2016 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ለጉብኝት እንጂ ለመኖር አይደለም። ለመኖር የሚሄድ ሰው «ዲ» የሚባለውን የረጅም ጊዜ ቪዛ ከራሱ ከአገሩ ኤምባሲ ይጠይቃል። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው እዚያ ከደረሰ በኋላ፣ በሚኖርበት ከተማ ነው። ጣሊያን የገባ ሠራተኛ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት፤ እዚያ ያሉ ሐበሾች «ፔርሜሶ» የሚሉት እሱን ነው። ጀርመን የገባውም በሚኖርበት ከተማ ወደሚገኘው የውጭ አገር ዜጎች ቢሮ ሄዶ ይጠይቃል።

ስለዚህ የአውሮፓን የመኖሪያ ፈቃድ አዲስ አበባ ላይ በመሳቢያው ይዞ የሚጠብቅ ሰው የለም። «ፈቃዱ እኛ ጋ አለ» ያለ ሰው በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውሸቱን ተናግሯል።

አሁን ወደ ሥራው እንሂድ፤ ጀሞ ላይ ከሁሉ በላይ የሚሸጠው እሱ ነውና። ፖላንድ የሥራ ፈቃድ የምትሰጠው ለቀጣሪው ነው። ማመልከቻውን የሚያስገባው የፖላንዱ ድርጅት ነው፤ የሚያስገባውም ለክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ፣ ለ«ቮይቮዳው» ጽሕፈት ቤት ነው። የመደበኛው ፈቃድ የመንግሥት ክፍያ ለዓመታት 100 ዝሎቲ ነበር፤ ከ25 ዩሮ በታች ማለት ነው። ያንንም የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። ፖላንድ ለጥቂት የምሥራቅ አውሮፓ አገሮችና ለጎረቤቶቻቸው ዜጎች የከፈተችው ቀለል ያለ አሠራር አላት፤ ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ገብታ አታውቅም። «ቀላሉን የፖላንድ መንገድ» የሚሸጥ ሰው የዩክሬንን ወይም የሞልዶቫን መንገድ ለጀሞ ልጅ እየሸጠ ነው።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላም ኤምባሲው ቪዛ የመከልከል ሙሉ ሥልጣን አለው። ነሐሴ 2015 የፖላንድ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከቪዛ ሽያጭ ቅሌት ጋር በተያያዘ ከሥልጣን ተነሥተዋል። ደላላው ይህን ሲሰማ «አያችሁ፣ በገንዘብ ይሆናል» ይላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከዚያ ቅሌት ወዲህ ቁጥጥሩ ጠበቀ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በቀጥታ የሚያመለክተው ንጹሕ ሰው ሆነ።

ጣሊያንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 ለሦስት ዓመት 452,000 የውጭ ሠራተኞች እንዲገቡ መንግሥቱ ኮታ አውጥቷል። ኢትዮጵያም ዜጎቻቸው በኮታው እንዲገቡ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ይህ እውነት ነው፤ ደላላውም የሚወደው እውነት ነው። ቁጥሩን በትልቁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። የማይለጥፈው ግን ኮታው የቀጣሪው መሆኑን ነው። ጣሊያን ያለው አሠሪ በተወሰነው ቀን በኢንተርኔት ያመለክታል፤ ከኮታው እጅግ የሚበልጥ ማመልከቻ በሰዓታት ውስጥ ይጎርፋል። «ኑላ ኦስታ» የሚባለው ፈቃድ የሚወጣውም በአሠሪው ማመልከቻ ነው። የሐሰት አሠሪዎች በዝተው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጂያ ሜሎኒ ጉዳዩን ለአገሪቱ የፀረ ማፊያ ዐቃቤ ሕግ ማቅረባቸውን ግንቦት 2016 ላይ ተናግረዋል። እዚያ ማፊያ የተጠረጠረበት ንግድ እዚህ «ማማከር» ይባላል።

ፖርቹጋል ደግሞ የተለየ ታሪክ አላት። ለዓመታት በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ሥራ ያገኘ ሰው እዚያው ሆኖ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችል ነበር። ብዙ ሰው በዚያ መንገድ ወረቀት አግኝቷል። ያ አሠራር በግንቦት 2016 መጨረሻ ተሽሯል። ደላላው ግን የሞተውን በር ዛሬም ይሸጣል፤ ማስረጃ ብሎ የሚያሳየውም በሩ ሳይዘጋ የገባ ሰው ፎቶ ነው።

ጀርመን ላይ እውነተኛ በሮች አሉ፤ ለዚህም ነው ስለ ጀርመን የሚነገረው ውሸት ከሁሉ የሚከፋው። አንዱ «የዕድል ካርድ» ነው፤ ግንቦት 2016 ተጀመረ። ዲግሪ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና ያለው ሰው ነጥብ ተቆጥሮለት፣ ስድስት ነጥብ ካገኘ፣ ሥራ ፍለጋ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ቢያንስ የጀርመንኛ ኤ1 ወይም የእንግሊዝኛ ቢ2 ይጠየቃል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ስሌት በወር 1,091 ዩሮ ለኑሮው እንዳለው ማሳየት አለበት። ሁለተኛው «አውስቢልዱንግ» ነው፤ እየሠሩ ሙያ መማር። ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት ሁሉ ሠልጣኝ ይወስዳል፤ ሠልጣኙም በየወሩ ይከፈለዋል። የሚያስፈልገው ውል የሚሰጥ ድርጅትና በአብዛኛው ቢ1 የደረሰ ጀርመንኛ ነው። ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው፤ እሱ ደግሞ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ በተዘጋ ሂሳብ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። የረጅም ጊዜ ቪዛው ክፍያ ራሱ 75 ዩሮ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች አንድ ላይ አድርጎ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። የመንግሥታቱ ክፍያ 75 ዩሮ፣ 90 ዩሮ ነው። ጀሞ ላይ የሚጠየቀው ብዙ መቶ ሺሕ ብር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ገንዘብ የየትኛው አገልግሎት ዋጋ ነው? ቅጽ የመሙላት? ቅጹ በነፃ ይገኛል። ቀጠሮ የመያዝ? ቀጠሮው ለማንም ክፍት ነው፤ ካልተገኘም ያው ደላላ ቀድሞ ይዞት ሊሆን ይችላል። ትልቁ ችግር የሆነው የተዘጋ ሂሳብ ገንዘብ እንኳ በአመልካቹ ስም ይቀመጣል፣ በየወሩም ለራሱ ይለቀቅለታል። ለደላላ የተከፈለው ብር ግን በማንም ስም አይቀመጥም።

ገንዘብ ከመብላት የከፋም አለ። ገንዘብ የበላ ደላላ ገንዘብ በላ። የሐሰት የባንክ ስቴትመንት፣ የሐሰት የሥራ ልምድ፣ የሐሰት የግብዣ ደብዳቤ ያስገባ ደላላ ግን የልጁን ስም በላ። የሸንገን አገሮች የቪዛ ማመልከቻን ከአሥር ጣት አሻራ ጋር በአንድ የጋራ መዝገብ ለአምስት ዓመት ይይዙታል። በአንዱ ኤምባሲ በሐሰት ሰነድ የተከለከለን ሰው ሌላው ኤምባሲ ያየዋል። ደላላው ነገ ሌላ ደንበኛ ያገኛል፤ ልጁ ግን ሌላ ጣት የለውም። ነገ እውነተኛ ውል፣ እውነተኛ ቋንቋ፣ እውነተኛ ዲግሪ ይዞ ሲቀርብ የሚጠብቀው የትናንቱ ሐሰት ነው።

«በቪዚት ግቡ፣ እዚያ ትቀይሩታላችሁ» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። የጉብኝት ቪዛን እዚያው ሆኖ ወደ ሥራ ፈቃድ መቀየር በመርህ ደረጃ አይፈቀድም፤ ተመለሱና ከአገራችሁ አመልክቱ ይባላል። ያኔ ደላላው ሁለተኛውን ምክር ያመጣል፤ «እጅ ስጡ»። ጥገኝነት በእውነት ለሚሳደድ ሰው የተሰጠ መብት ነው። ከጦርነትና ከእስር ሸሽቶ የወጣ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ፀጉር ለመሥራት የሄደችን ልጅ የሐሰት ታሪክ አስጠንቶ ካምፕ ማስገባት እሷንም ዓመታት ያስቆጥራታል፤ የእውነተኛውን ስደተኛ ቃልም ተጠርጣሪ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ የአገሪቱ ሕግ ምን ይላል? ከአውሮፓ ሕግ ይልቅ በአማርኛ የተጻፈው የራሳችን ሕግ መረሳቱ ያስገርማል። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራ ፈቃድንና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት የምስክር ወረቀትና ከወንጀል ነፃ ለመሆን ማረጋገጫ ነው። የመኖሪያ ፈቃድን ዋጋ ከሠራተኛ የሚጠይቅ አገናኝ፣ ፈቃዱ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ሕግ እየጣሰ ነው። አዋጁ በኤጀንሲ የሚደረግ ስምሪት የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ብቻ እንዲሆንም ይደነግጋል። ኤጀንሲ ለመሆን ደግሞ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድና የተያዘ የዋስትና ገንዘብ ያስፈልጋል።

የጀሞው ቢሮ ይህን ያውቃል። ለዚህም ነው ግድግዳው ላይ «ኤጀንሲ» የማይለው፤ «ማማከር» ይላል። የማማከር ንግድ ፈቃድ ያወጣል፣ የኤጀንሲ ሥራ ይሠራል፣ ሲጠየቅ «እኛ መከርን እንጂ አልላክንም» ይላል። ደረሰኙም ላይ፣ ደረሰኝ ከሰጠ፣ «የምክር አገልግሎት» ብሎ ይጽፋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ንግድ ቢሮ፣ በየዓመቱ የሚያድሰው ወረዳ፣ ባንዲራ የተለጠፈበትን መስኮት እያየ የሚያልፈው ተቆጣጣሪ፣ ሁሉም ከዚህ ድርሻ አላቸው። የሰው መነገድና ድንበር ማሻገር ወንጀልን የሚቀጣው አዋጅ 1178/2012 በእጃቸው እያለ ወንጀለኛውን መተማና ሞያሌ ላይ ብቻ መፈለግ አይበቃም።

የሚጠፋው ምን እንደሆነ በስሙ መጠራት አለበት። የሚጠፋው ቤት ነው። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ለተመዘገቡ ሰዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በዕጣ የደረሰ ነው። ቅድሚያው ከእቁብ፣ ከዘመድ፣ ከተሸጠ ወርቅ ተለቅሞ ተከፈለ፤ ቀሪውን ባንክ አበደረ፤ ዕዳው ዓመታት ፈጀ። ለብዙ እናት በዕድሜዋ በስሟ የተመዘገበ ንብረት ያ አንድ መኝታ ቤት ብቻ ነው። ልጇ «ፕሮሰስ» ሲጀምር የሚታሰበው እሱ ነው። ይሸጣል፣ ወይም በውክልና ይተላለፋል፣ ወይም ተይዞ ይበደራሉ። ልጁ ሲመለስ ወይም ሳይሄድ ሲቀር እናት በዚያው ብሎክ ተከራይ ትሆናለች። የአንድ ትውልድ ቁጠባ ለጥቂት ዩሮ ማመልከቻ፣ ያውም ላልገባ ማመልከቻ፣ ወጣ ማለት ነው።

ደላላውን የሚከላከል አንድ ክርክር አለ፤ ቀላልም አይደለም። «ሕጋዊው በር ለድሃ ዝግ ነው፤ ታዲያ ምን ያድርግ?» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። የማመልከቻ መመርመሪያው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ቪዛ ቀረ፣ ሰነድ ማቃለል ተከለከለ። ምክንያቱ የኢትዮጵያ መንግሥት እንዲመለሱ የተወሰነባቸውን ዜጎች በመቀበል በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። ሁለት መንግሥታት ሲጣሉ የሚቀጣው ተማሪውና ነርሱ ነው፤ ይህ ግፍ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲተመን ደግሞ ሌላ በር ጠበበ። ከዚያ በፊት ለጀርመን ተማሪ የሚጠየቀው 11,208 ዩሮ ወደ 700 ሺሕ ብር ገደማ ነበር። በወራት ውስጥ መጠኑም ጨመረ፣ ብሩም ወደቀ፤ የሚያስፈልገው ብር ከእጥፍ በላይ ሆነ።

በሩ ጠባብ ነው፣ ልክ ነው። ግን ደላላው በሩን አላሰፋም። 45 ቀኑን ወደ 15 አልመለሰም፣ ምንዛሪውን አላወረደም፣ ጣሊያን ውስጥ አሠሪ አልፈጠረም። በጠባቡ በር ፊት ቆሞ ለመቆም ያስከፍላል፤ ሥራው ይኸው ነው። «ለድሃ ሌላ አማራጭ የለውም» የሚለው ሰው ድሃው የመጨረሻ ቤቱን ለማይሆን ነገር እንዲከፍል እየመከረ መሆኑን ማወቅ አለበት።

አማራጭ ደግሞ አለ፤ ዘገምተኛ፣ አሰልቺና የማያስፎክር ነው እንጂ አለ። ለደላላ ከሚከፈለው ጥቂቱ ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ወይም ሌላ ደህና ትምህርት ቤት ጀርመንኛ ያስተምራል። ቢ1 ለመድረስ አንድ ዓመት፣ ለሠራተኛ ሰው ከዚያም በላይ ይፈጃል። ቪዛው ባይሳካ ቋንቋው ይቀራል፤ ማንም «ለፕሮሰስ ወጥቷል» ብሎ አይወስደውም። ዲግሪን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ፣ ሰነድን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስመስከር፣ ለድርጅቶች በራስ ስም መጻፍ፣ መቶ ጊዜ መልስ ማጣት። ሁሉም አይሳካለትም። ያልተሳካለት ግን ቤቱ አለ፣ ስሙም ንጹሕ ነው።

ከሁሉ በላይ መናገር የነበረበት ሰው ዝም ብሏል፤ ውጭ ያለው ዘመድ። ሚላን፣ ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም ያለው ወንድም ወረቀቱን እንዴት እንዳገኘ ያውቃል። በትዳር ይሁን፣ በጥገኝነት ስምንት ዓመት ጠብቆ ይሁን፣ በትምህርት ይሁን ያውቃል። በፌስቡክ የሚለጥፈው ግን በረዶውንና መኪናውን ነው። ካምፑን አይለጥፍም፣ «መልስ ጠብቁ» የሚለውን ደብዳቤ አይለጥፍም። ቤተሰቡ ሲጠይቀው «እዚህ ከባድ ነው» ይላል፤ ቤተሰቡም «ራሱ ደርሶ ለእኛ ቀናብን» ብሎ ይተረጉመዋል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ደላላ ነው። አንድ እውነተኛ የስልክ ወሬ፣ «እኔ በዚህ አንቀጽ፣ በዚህ ዓመት፣ ይህን ያህል ጠብቄ አገኘሁ» የሚል፣ ከአሥር የመንግሥት ማስጠንቀቂያ በላይ አንድ ቤት ያድናል።

መንግሥትም ማስጠንቀቂያ ከማንበብ ይልቅ መረጃ ያውጣ። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ስምምነት ያለባቸውን አገሮች፣ ፈቃድ ያላቸውን ኤጀንሲዎችና የእያንዳንዱን ወጪ ከፋይ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹ ቋንቋዎች አትሞ በየወረዳው በር ላይ ይለጥፍ። ውልና ማስረጃ ቤት ለመሸጥ ውክልና የሚሰጥን አዛውንት «ገንዘቡ ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ሕጉ ላያስገድደው ይችላል፤ ወረቀቱን ግን በእጃቸው ሊሰጣቸው ይችላል። የሰፈሩ ዕድርም ለቅሶ ብቻ አይጠብቅ። ቤት ሲሸጥም ለቅሶ ነው፤ ብቻ ድንኳን አይጣልበትም።

እስከዚያው ድረስ ቢሮው ፊት የተቀመጠ ሰው ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። አሠሪው ወይም ትምህርት ቤቱ ማን ነው፣ በስልክ ራሴ ላግኘው እችላለሁ? ማመልከቻውን ማን አስገባ፣ ቁጥሩስ ስንት ነው? ይህን ገንዘብ ሕጉ ከእኔ ጠይቋል ወይስ ከአሠሪው? ሦስቱንም በወረቀት የሚመልስ ካለ መልካም። «እሱን ለኛ ተዉት» የሚል ከሆነ ግን ፓስፖርቱን ተቀብሎ መውጣት ነው። የእናት ቤት ለማንም የሚተው አይደለም።